ሁለት ጊዜ የተጻፈው ቁጥር

በአባቴ ፀጉር ቤት ማንኛውም ነገር ሁለት ጊዜ ነበር የሚባለው። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ «ከጎን አሳጥረው፣ ከላይ ተወው» ሲል፣ አባቴ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እያሰረ «ከጎን ያጥራል፣ ከላይ ይተዋል» ብሎ ይደግማል። «ጢሜን እንዳትነካ» ከተባለም «ጢም አይነካም» ይላል። እኔ ከመወለዴ በፊት በሠርጉ ዋዜማ የመጣን ሙሽራ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ወታደር የታዘዘውን ቁርጥ ቆርጦት ኖሮ፣ ሙሽራው ራሱን በመስታወት አይቶ እንደ ሕፃን አልቅሷል ይባላል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ትእዛዝ ሳይደገም መቀስ አይነሳም። ልማዱ እኛ ቤት ድረስ ዘልቆ ስለነበር እናቴ «ጨው አልቋል» ስትለው እንኳ «ጨው አልቋል» ብሎ ነው የሚወጣው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምትሠራ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው ፀጉር ቤቱ ነው። ጠባብ ነው፤ አልኮልና ፓውደር ይሸታል፤ የተቆረጠ ፀጉር ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ያሳክከኛል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋው መስታወት ፊት ሁለት ወንበሮች አሉ። አንደኛው የአባቴ ነው። ሁለተኛው ላይ የሚሠራው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር።

አጎቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አቋርጦ የመጣ ሰው ነው። ለምን እንዳቋረጠ የሚያውቁት ሁሉ «ከዚያ ነገር በኋላ» እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ «ያ ነገር» የሚሉት የሳንባ በሽታ ይመስለኝ ስለነበር ሲያስለው ፈንጠር እል ነበር። ለካ ፈተና ላይ ለጓደኛው መልስ ሲያቀብል ተይዞ መባረሩ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ሳውቅ ደግሞ ብዙ ነገር ገባኝ።

ጨዋታው የተጀመረው ዝናብ ደንበኛ ያስቀረበት ቀን ላይ ነው። አጎቴ ከመሰላቸቱ የተነሳ ብሩሹን በብሩሽ ሲያጸዳ ቆይቶ ድንገት ጠራኝና ስድስት ቁጥሮች አስጠናኝ፤ ሰባት፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሦስት፣ ሰባ ሰባት፣ ዘጠና አንድ፣ መቶ ዐርባ ሦስት።

«እነዚህ ያንቺ ናቸው፣ ፕሮፌሰር» አለኝ። «መስታወቱ ላይ ትልቅ ቁጥር ስጽፍልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከነዚህ አፍሽ ላይ የመጣውን ጥሪ። አትፍሪ። ያልሽው ሁሉ ልክ ይሆናል።»

«እንዴት?»

«እንዴት እንደሆነማ ያንቺ ሥራ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ?» አለና ሳቀ።

የመጀመሪያው ተመልካች የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ነበር። አንደኛው ጉንጩ በአረፋ እንደተሸፈነ አጎቴ «ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይጥሩ፤ ያሻዎትን» አለው። ሰውዬው «አራት መቶ ሃምሳ ስምንት» አለ። አጎቴ በደረቅ ሳሙና መስታወቱ ላይ 458 ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ እንደ ቤቱ ልማድ «አራት መቶ ሃምሳ ስምንት» ብሎ ደገመና ከጎኑ አያይዞ እንደገና ጻፈው። አሁን መስታወቱ ላይ ያለው አራት መቶ ሃምሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ስምንት ነው።

እኔ የእንጨት ሳጥን ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። «በመቶ ዐርባ ሦስት ይካፈላል። ቀሪ የለውም» አልኩ።

አጎቴ ካልኩሌተሩን ለሰውዬው ሰጠው። ሰውዬው በእርጥብ ጣቱ ነካካና «ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት... ነጥብ የለም፣ ምንም የለም!» አለ። «በሌላስ?» ሲለኝ «በዘጠና አንድ» አልኩት፤ እሱም አምስት ሺህ ሠላሳ ስምንት ሆኖ ወጣ። መጨረሻ ላይ አጎቴ እንዳስጠናኝ በሰባት፣ የወጣውን በዐሥራ አንድ፣ የወጣውን በዐሥራ ሦስት አካፍል አልኩት። ካልኩሌተሩ ላይ የራሱ 458 ተመልሶ ሲመጣበት ሰውዬው ከነአረፋው ከወንበሩ ተነሳ።

አባቴ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቆሞ ያየኝ ነበር። ያን ዓይነት ፊት ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። መጣና ከሳጥኑ ላይ አንሥቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ፀጉር ስለነበረበት ከንፈሩ ኮሰኮሰኝ። «የኔ እናት» አለ። «የኔ እናት።»

ምስጢሩ ያለው ቁጥሩ ሁለት ጊዜ መጻፉ ላይ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ለምን ትደግመዋለህ?» ብሎ በጠየቀ ነበር። እኛ ቤት ግን መድገም ማለት መጠንቀቅ ነው፤ ጨዋነት ነው። ደንበኛው ራሱ ካልተደገመለት ቅር ይለዋል። አጎቴ መላውን የደበቀው ሁሉም ሰው በየቀኑ በሚያየው ነገር ውስጥ ነበርና ማንም አልጠረጠረም። እኔም አልጠረጠርኩም። በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ቁጥሮች እንደሚታዘዙኝ ነው። ሰባ ሰባት ስል ሰባ ሰባት ይሆናል፤ ሐሳቤን ቀይሬ ዐሥራ ሦስት ስል ደግሞ ዐሥራ ሦስት ይሆናል። ታዲያ ይሄ ስጦታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንዱ ቁጥር በተሳካ ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ አጎቴን ፈልጌ ፈገግ እልለታለሁ፤ እሱም አንድ ዓይኑን ይጠቅስልኛል።

ወሬው ሲዛመት ፀጉሩ ያላደገ ሰው ሁሉ ይመጣ ጀመር። አባቴ ሰው እያስተዋወቀኝ «ይቺ የኔ ናት» ይላል፤ ሌላ ሰው የወሰደበት ይመስል። በጣም ያመመኝ፣ ዛሬም የሚያመኝ አንድ ነገር አለ። ደንበኛ ሲሄድ ካልኩሌተሩን ያነሳና ጀርባውን ሰጥቶኝ ብቻውን ይነካካው ነበር። ቁልፎቹን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ተጭኖ፣ ቁጥር የሚወጣባትን መስኮት ለረጅም ጊዜ ያያል። ያኔ እኔን የሚቆጣጠረኝ መስሎኝ አኩርፌ ነበር። አባቴ ረጅም ማካፈል አይችልም፤ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣው። ቆሞ የሚደነቀው ብቻውን እንኳ ሲያካፍለው ቀሪ ስለማይወጣ ነበር።

ጥርስ ሐኪሙ ወደ ታሪካችን የገባው በዚህ መሃል ነው። ዝምተኛ፣ ሽቶ የሚሸት ደንበኛ ነበር። ሁለቴ ከተመለከተኝ በኋላ አባቴን ወደ በሩ ወስዶ አናገረው። እኔ ወለል እየጠረግሁ ጆሮዬን ጣልኩ። «ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች»፣ «አዳሪ»፣ «ርዕሰ መምህሯን በደንብ አውቃታለሁ»፣ «እዚህ ፀጉር ውስጥ ተቀብራ ትቅር?» ሲል ሰማሁ። «አዳሪ»ና «ተቀብራ» ተያይዘውብኝ በሬሳ ሣጥን የምወሰድ መስሎኝ መጥረጊያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ጥርስ ሐኪሙ ዞር ብሎ አይቶኝ «አየህ፣ ስሜቷም እንደ ሊቃውንት ነው» አለው።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ቀጠሮ ተያዘ። አጎቴ ይህን የሰማው የአንድ ሽማግሌ ማጅራት በምላጭ ሲያስተካክል ነበር፤ እጁ ቆመ። ሽማግሌው ከሄደ በኋላ የወንበሩን ፀጉር እያራገፈ፣ አባቴን ቀና ብሎ ሳያይ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በር ባይወጣ ይሻላል።»

«ለምን?»

«እንዲያው ነው። ልጅ ናት፤ ሰው ሲከባት ትደነግጣለች። የሱቅ ጨዋታ ለሱቅ ነው።»

«ጨዋታ?» አለ አባቴ። «የልጄ ጭንቅላት ጨዋታ ነው?»

አጎቴ አፉን ከፈተ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አፉ ውስጥ ያየሁት እስኪመስለኝ ድረስ ትዝ ይለኛል። ግን ዘጋው። ያን ቀን እቤት ውስጥ አባቴ ለእናቴ «ወንድምሽ ቀናብን» ሲላት ሰማሁና እኔም አመንኩ። እሱ ትምህርቱን አቋርጦ የኔ መግባት አንገብግቦት ነው ብዬ ለሁለት ቀን አኮረፍኩት። አሁን ሳስበው ያ ሰው አንድ ጊዜ «አጭበርባሪ» ተብሎ የወጣ ነው፤ ቃሉን ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ከአማቹ አፍ መስማት አልቻለም። ፈሪ ነበር። ክፉ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን እናቴ ከሥራ ፈቃድ ብትጠይቅም አልተሰጣትም። ቀሚሴን ተኩሳ፣ ፀጉሬን ዐይኔ እስኪወጠር ጎንጉናኝ ሄደች። አባቴ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለበሰ። ጢሙን ሲላጭ ራሱን ስለቆረጠ አገጩ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ የሰው ፊት ሲላጭ አንድ ቀን ደም አውጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። በአውቶቡስ ስንሄድ ወረቀቱን ማንሣት እንዳለበት ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ደርሰንም ወረቀቱ አገጩ ላይ ነበር።

ክፍሉ ሰፊ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነው። ርዕሰ መምህሯ በመነጽሯ አናት የምታይ ሴት ነበረች፤ አጠገቧ አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ተቀምጧል። ወላጆችና ልጆች ከኋላ ባሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስቆም ወደ ቀኝ ዞር አልኩ፤ መስታወት የለም፤ አጎቴም የለም።

«አባትሽ ትልልቅ ቁጥር ትወጃለሽ ብለውናል» አለች ርዕሰ መምህሯ ደግ ሆና። ለመምህሩ ጠቆመችውና 672145 ብሎ ጻፈ። «በስንት ይካፈላል?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «በዘጠና አንድ ይካፈላል። ቀሪ የለውም።»

መምህሩ ጠመኔውን አንቀሳቀሰ። «ቀሪ አለው።»

«በዐሥራ አንድ።»

«ይሄም ቀሪ አለው፣ እቴ።»

ስድስቱንም ጨረስኩ። አንዳቸውም አልታዘዙኝም። ጆሮዬ ጋለ፤ ከኋላ አንዲት ሕፃን ስትስቅና እናቷ ስትቆጣት ሰማሁ። አባቴ ከአግዳሚው ተነሥቶ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት መጣ።

«ይቅርታ፣ እመቤት» አለ። «ሁለት ጊዜ አልጻፉላትም እኮ። እኛ ቤት የለመደችው ሲደገም ነው። ሦስቱን ቁጥር ጽፈው ይድገሙላት፤ ያኔ ያይዋታል።»

መምህሩ «ሁለት ጊዜ?» አለና ጥቂት ሰሌዳውን እያየ ቆይቶ ሳቁን ለቀቀው። የዋህ ሳቅ ነበር፤ ነገር ሲገባው የሚስቅ ሰው ሳቅ። «ገባኝ! እመቤት፣ ይሄ የቆየ ዘዴ ነው» ብሎ ለክፍሉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ማስረዳት ጀመረ። አንድ መቶ ዐርባ አምስትን ሁለት ጊዜ አጣብቀህ ስትጽፈው አንድ መቶ ዐርባ አምስት ሺህ ላይ አንድ መቶ ዐርባ አምስት ጨመርክ ማለት ነው፤ በሌላ አነጋገር በአንድ ሺህ አንድ አባዛኸው። አንድ ሺህ አንድ ደግሞ ሰባት ሲባዛ በዐሥራ አንድ፣ ሲባዛ በዐሥራ ሦስት ነው። ስለዚህ የተደገመ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ምንም ሆነ ምን፣ በእነዚህ ሦስቱና እርስ በርስ እየተባዙ በሚሰጧቸው ቁጥሮች ሁሉ ይካፈላል። «በቀቀንም ይችለዋል» ብሎ ጨረሰ።

ከማብራሪያው የገባኝ በቀቀኑ ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አወለቀች። ደግነቷ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ይሄ ማጭበርበር ነው» አለች። «በስንት ልጆች ሰዓት ላይ ነው የሚቀለደው? ይቺን ልጅ እንዲህ እንድታታልል ያስተማራት ማነው?»

አባቴ ሰሌዳውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ የማላውቀው ነገር ሲገባና ሲወጣ አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ?»

«አዎ። አጭበርባሪው እኔ ነኝ። ልጅቷ ምንም አታውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካ ስጦታ የለኝም። ለካ አባቴ ቀጣፊ ነው፤ ቁጥሮቹን እንዲያስጠናኝ አጎቴን ያዘዘው እሱ ነው፤ ሰው ፊት አቁሞ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው። ያን ያህል ዐይን ያወጣ ቀጣፊ በመሆኑ ሰው እያየው «ይድገሙላት» ብሎ መለመኑ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሳፈረኝ። ዛሬ ያቺን ንግግሩን ስሰማት ሌላ ነገር ናት። መላውን የሚያውቅ ሰው መላውን በራሱ አፍ አያጋልጥም። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሱም አልጠራኝም። ፊት ለፊቴ ማጅራቱን ብቻ እያየሁ ሄድኩ።

ፀጉር ቤቱ ስንደርስ አጎቴ ብቻውን ነበር። ፊታችንን ሲያይ ማበጠሪያውን አልኮሉ ውስጥ ነከረ። አባቴ ምንም አልጠየቀውም። ከግድግዳው ላይ የአጎቴን ኮት አውርዶ የበሩ እጀታ ላይ ሰቀለው። አጎቴ ሽርጡን ፈትቶ አጣጠፈ፣ መቀሱን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ኮቱን ለበሰ። እኔጋ ሲደርስ እጁን ወደ ራሴ ዘረጋ፤ ሸሸሁት። ከዚያ በኋላ ሌላ ከተማ ሄዶ ሠራ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊትም እዚያው ሞተ። አባቴ ለቀብሩ ሄዶ ተመለሰና ስለ መንገዱ አቧራ ብቻ አወራ። አባቴ አጎቴን ያባረረው የራሱ ቀጣፊነት ሲጋለጥ ንዴቱን የሚወጣበት ሰው አጥቶ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ጥርስ ሐኪሙ ተመልሶ አልመጣም፤ ወሬው ግን መጣ። ደንበኞች ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ «ሁለት ጊዜ እንዳትላጨኝ አደራ!» ይላሉ። አባቴ ይስቃል። ጥቂት ቆይቶ ትእዛዝ መድገሙን ተወ፤ «እሺ» ብቻ ይላል። ያ ቤት እንዴት ጸጥ እንዳለ! እኔም ወደዚያ መሄድ ትቼ ከትምህርት ቤት በኋላ የሆስፒታሉ አጥር ጥግ እናቴን እየጠበቅሁ አነብ ነበር። መንገድ ላይ ከአባቴ ጋር ስሄድ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ ሺህ አንድን ለጨዋታ ብላ ስታሳየን ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። በዚያ ቀን የአባቴ ጥፋት በማስረጃ የተረጋገጠ መሰለኝ።

ሳድግ እፍረቱ ወደ ቀልድ ተለወጠ። ለጓደኞቼ፣ ለባሌ፣ በኋላም ለልጆቼ «አባቴ በቁጥር ከተማ ያጭበረበረ ሰው ነው» እያልኩ አወራው ነበር። ጥሩ አድርጌ ነው የማወራው፤ ሰው ይስቃል። ሳወራው ይቅር ያልኩት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ፀጉር አስተካካይ ስለማያምን ፀጉሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ባለፈው በረንዳው ላይ አስቀምጬው አንድ ጎኑን እንደጨረስኩ ትንሹ ልጄ ከጓሮ እየሮጠ መጣ።

«አያዬ፣ ያቺን ደንበኞችህን የሸወድክባትን ቁጥር አሳየን! እማዬ ነግራናለች። አጭበርባሪ ነበር ብላለች!»

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። «እናትህ እንደዚያ አለች?»

«አዎ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥም ተይዘህ እኔ ነኝ ብለሃል አለች። ወረቀት ላምጣልህ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ ሮጠ።

መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ እሱ ቀደመኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ያ ነገር ግን እንዴት ነበር የሚሠራው?»

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ ያወጣኸው?»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ? ያ ልጅ እግር መምህር እዚያ ሰሌዳ ላይ ሲለፈልፍ አንድም ቃል አልገባኝም። የገባኝ ሴትዮዋ 'ማጭበርበር' ስትል ነው። አንቺን እያየች ነበር ያለችው።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከዚያ በጣቴ ጉልበቱ ላይ ባለው ነጭ ጨርቅ ላይ እየጻፍኩ አስረዳሁት፤ ሺሁን፣ አንዱን፣ ሰባቱን፣ ዐሥራ አንዱን፣ ዐሥራ ሦስቱን። ሁለት ቦታ ላይ አስቆመኝ። ሲገባው «እህ» አለ።

«ስለዚህ ማንም ሰው ቢለው ይሆናል።»

«ማንም።»

«እናንተ ሁለታችሁ ግን ስታውቁት ኖራችኋል።»

«ማን?»

«አንቺና አጎትሽ። በመስታወት እየተያያችሁ ትሳሳቁ አልነበር? ቁጥሩ በወጣ ቁጥር አንቺ ፈገግ፣ እሱ ጥቅሻ። እኔ ጎበዝ ናት ብሎሽ መስሎኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የባነንኩት። ሁሉም ሰው በገዛ ቤቴ ሲስቅብኝ ከርሟል፤ የማያውቀው እኔ ብቻ ነኝ አልኩ በልቤ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጅ ነሽ፤ አልተቀየምኩሽም። ግን አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን ማየት ያሳፍረኝ ነበር።»

«አባዬ፣ እኔ አላውቅም ነበር።»

«ምኑን?»

«ምንም አላውቅም ነበር። እውነት መስሎኝ ነበር። ስጦታ ያለኝ መስሎኝ ነበር። አንተ ያወጣኸው፣ አንተ ያሾፍክብኝ መስሎኝ...» አልጨረስኩትም። ያልጨረስኩት ስለማለቅስ አይደለም፤ ሐፍረት ነው ምላሴን ያሰረው። እሱ ሴት ልጁ የሳቀችበት መስሎት ሊያድናት ተዋረደ፤ እኔ ደግሞ መዋረዱን ለእንግዳ ማሳቂያ አደረግሁት።

አባቴ ግማሽ የተቆረጠ ራሱን ወደ ጓሮው አዞረ። ፊቱ ላይ የጠበቅሁት እፎይታ አልነበረም።

«አጎትሽን እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በቁጥሩ አይደለም ያባረርኩት። ልጄን አባቷ ላይ መሳቅ አስተማረብኝ ብዬ ነው። በሬሳው ፊት ቆሜ እንኳ ይቅር አላልኩትም።»

ልጄ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ደረሰ። እኔንም እሱንም አየና ፈገግታው ደበዘዘ። «አያዬ፣ አታሳየንም?» አለ።

አባቴ እንደዚያን ጊዜው «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ሲከፍት እጄን እጁ ላይ አደረግሁ። ወረቀቱን ከልጄ ተቀብዬ «እህትህንም ጥራት» አልኩት። «አያታችሁ አጭበርባሪ ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው።»

«ታዲያ ማነው ያጭበረበረው?» አለኝ።

አባቴን አየሁት። አባቴ ጨርቁ ላይ የወደቀውን ነጭ ፀጉር በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ይለቅም ነበር፤ መልሱን ከእኔ እኩል እየጠበቀ።